ባሕር የወሰደው ወፍጮ

ስለዚያች መኪና የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከፍጥነቷ ነው። ስንት ትሮጥ ነበር? ጋምቤላ ውስጥ ስንት አስነካሃት? እኔም ለዓመታት ደረቴን ነፍቼ ስመልስ ኖሬአለሁ። እውነቱን ለመናገር ከባሮ ድልድይ እስከ ቢሮዬ ድረስ ከሦስተኛ ማርሽ በላይ አስገብቼባት አላውቅም፤ መንገዱም አይፈቅድም፣ እኔም አልደፍርም ነበር። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ፍጥነቷ አይደለም። እሷን ለማምጣት ብዬ ጥዬው ስለመጣሁት ወፍጮ ነው።

ጋምቤላ ክልል ተብላ የራሷን ቢሮዎች ማቋቋም በጀመረችባቸው ዓመታት የግብርና ቢሮ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ከደጋ ተመድቤ የመጣሁ ሰው ነኝ። ቢሮ ይባል እንጂ ሦስት ሰው በአንድ ወንበር እየተፈራረቅን ነበር የምንቀመጠው። በአልዌሮ በኩል ለታሰበው እርሻ ትራክተር የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል ተባለና ሁለታችን ለአንድ ዓመት ሥልጠና ወደ ጣሊያን አገር ተላክን። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው በኢታንግ መንገድ ባለ መንደር የተወለደ የኑዌር ተወላጅ፣ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እሑድን ከቤተ ክርስቲያኑ የማይቀር ጴንጤ። ውሸት መናገር አይችልም ነበር፤ ይህን የምለው ለሙገሳ አይደለም፣ አለቆቻችን ፊት ስንቴ ጉድ አድርጎኛል።

እዚያ ስንደርስ ቋንቋውን አንዳችንም አናውቅም። ጋራዥ ስንገባ ግን ጉድ ሆነ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፓራፋንጎ፣ ክሩስኮት እያልን ያደግንባቸው ቃላት ሁሉ የእነሱው ኖረዋል። እንደምን አደሩ ማለት ሳናውቅ የመኪናን አካል ከጎማ እስከ ጣሪያ እንጠራለን። ያሳደሩን አዛውንት ገበሬ፣ «እናንተን እናታችሁ የወለደቻችሁ ጋራዥ ውስጥ ነው እንዴ?» እያሉ ይስቁብን ነበር።

በኚህ ገበሬ ግቢ ሁለት መጋዘን አለ። በአንደኛው ሥራ ያቆመ የእህል ወፍጮ ከነናፍጣ ሞተሩ ተቀምጧል። በሁለተኛው በሸራ የተሸፈነች የሟች ወንድማቸው መኪና አለች። ቀይ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ቁመቷ ከወገቤ የማያልፍ። ከዚያ ዓይነት የተሠሩት ጥቂት ስለሆኑ አሮጌ መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች አገር ለአገር እንደሚያፈላልጓት ሰውየው ነገሩኝ። ሸራው የተነሣ ዕለት ልቤ ቀጥ አለ። ሚስቴን ያጨሁ ዕለት እንኳ እንዲህ አልሆንኩም። ይህን ሚስቴም ታውቃለች፣ እስካሁንም ይቅር አላለችኝም።

ጓደኛዬ ደግሞ ዓይኑን የጣለው ወፍጮው ላይ ነው። በእናቱ መንደር ወፍጮ የለም። ሴቶቹ ማሽላውንና በቆሎውን በሙቀጫ ይወቅጣሉ፤ አለዚያ ተሸክመው ከተማ ድረስ ይሄዳሉ። «እናቴ ጠዋት ይወቅጣል፣ ማታ ይወቅጣል» አለኝ አንድ ቀን ሴትና ወንድ በማይለየው አማርኛው፣ የወፍጮውን ድንጋይ በመዳፉ እየዳበሰ። «ትከሻው አልቋል። እጁ ወደ ላይ አይሄድም አሁን።» ከገበሬው ጋር ተነጋገረና ቅዳሜ ቅዳሜ ወይን ለቅሞላቸው፣ አጥር ሠርቶላቸው፣ ወፍጮው የድካሙ ዋጋ እንዲሆን ተስማሙ። የመኸሩን ወራት ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሠራ። እኔ በበኩሌ አበሌን ሳልነካ ፓስታ በባዶው እየበላሁ መኪናዋን ጠገንኩ። ከከተማ የመጣ ሰብሳቢ እኔ ከምችለው በላይ ዋጋ ሰጥቷቸው ነበር፤ እሳቸው ግን «የወንድሜን መኪና የምሰጠው ላስነሣት ሰው ነው» ብለው ለእኔ ሸጡልኝ።

ጓደኛዬ አልሳቀብኝም። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና «ቆንጆ ነው» አለ። «ዝናብ ሲመጣ ግን ምን ታደርጋለህ?»

«እስኪያባራ እጠብቃለሁ» አልኩት።

«ጋምቤላ ዝናብ ብዙ ወር ነው» አለና ወደ ወፍጮው ተመለሰ።

ሥልጠናው ሊያበቃ ሁለት ወር ሲቀረው የአባቱ መርዶ መጣ። በአውሮፕላን እንዲመለስ ተፈቀደለት። ከመሄዱ በፊት በነበረው ቀን ወፍጮውን ሁለታችን ፈታነው፤ ድንጋዩን በጭድ ጠቀለልነው፣ ሞተሩን በሣጥን አሸግነው። አንድ ኮንቴይነር ተከራይተን ወፍጮውና መኪናዋ አብረው እንዲመጡ ቀድሞውኑ ተስማምተናል፤ ከኪራዩ የእሱን ድርሻም አስቀድሞ ሰጥቶኛል። በሩ ላይ ሲሰናበተኝ ከሚያውቃቸው የአማርኛ ቃላት ሁሉ ከባዱን መርጦ «አደራ» አለኝ። «አታስብ» አልኩት። እንዲያውም ተቆጣሁት፤ እንዴት አደራ ትለኛለህ፣ እኔና አንተ እንዲህ ነን ወይ ብዬ።

ሥልጠናው ሲያልቅ፣ ወደቡ አጠገብ ባለ የጭነት ግቢ፣ ወፍጮው ቀድሞ ኮንቴይነሩ ውስጥ ገባ። ቀጥሎ መኪናዋን እየገፉ አስገቧት። ሁለቱም ገቡ። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ለራሴ ነው፤ ቦታ ጠቦ አልነበረም፣ ሁለቱም ገብተዋል። በሞተሩ ሣጥንና በመኪናዋ አፍንጫ መካከል ግን የቀረው ክፍተት ከክንድ አይበልጥም። የጫኞቹን አለቃ «መርከቡ ሲናወጥ ሣጥኑ ቢፈታስ?» አልኩት። በሰንሰለት እንደሚያስረው፣ ሥራውን ሲሠራ መኖሩን ነገረኝ። «እንደማይነካት ትምልልኛለህ?» አልኩት። ሰውየው ሳቀ። ለባሕር ማን ይምላል?

ምክንያት ለመደርደር ብዙ ዓመት ደክሜአለሁና አሁን በግልጽ ልበለው። የፈራሁት ጭረት ነው። ያን ቀይ ቀለም በእጄ ነበር የወለወልኩት፣ ብርሃን ሲያርፍበት ፊቴን አይበት ነበር። «ወፍጮውን አውጡልኝ» አልኩ። አወጡት። በግቢው አጥር ጥግ አስቀመጡት። ለገበሬው ደውዬ መጥተው እንዲወስዱት መንገር ነበረብኝ፤ አፈርኩና ሳልደውል ቀረሁ። ከአገር ቤት ሌላ ጭነት ሲኖር አብሮ ይመጣል እያልኩ ራሴን አባበልኩ። ስወጣ ካፊያ ጀምሮ ነበር፤ ዞር ብዬም አላየሁትም።

መኪናዋ አሰብ ገባች። ጉምሩክ የነበረኝን ሁሉ ተቀብሎ ለቀቃት። ከአዲስ አበባ በኤንትሬ የጭነት መኪና ተጭና ጅማን፣ በደሌን፣ ጎሬን አልፋ መጣች፣ እኔም ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ በየጉድባው አብሬያት ተሠቃየሁ። ቁልቁለቱን ጨርሰን ሙቀቱ ፊታችንን መግረፍ ሲጀምር ኤንትሬውን ከአንድ ጉብታ ጋር አስጠግተን አወረድናት። ከተማ የምገባው በራሷ ጎማ ነው ብዬ ምዬ ነበርና። ጣሪያዋን አጠፍኩ፣ መነጽር አደረግሁ። ሆዷ ድንጋይ በነካ ቁጥር እኔ ነኝ የማቃስተው።

ከተማው መግቢያ ላይ ሰው ተሰብስቦ ጠበቀኝ። የቢሮ ባልደረቦቼ ናቸው መጀመሪያ የደረሱት። «ግማሹን የት ጣልከው?» አለኝ የሒሳብ ክፍሉ ሰው፣ ወደ ኋላዋ እየዞረ። ሚስቴ ሦስቱን ልጆቻችንን ይዛ ቆማለች። ወንበሮቹን አየች፣ ልጆቹን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ሰው ገለል ሲል ጓደኛዬን አየሁት። ከኋላው እናቱና ሌሎች ስምንት ዘጠኝ ሴቶች በማንጎው ዛፍ ጥላ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው በቅርጫትና በከረጢት ማሽላ አለ። ወፍጮው ሲመጣ ለመቀበል፣ የመጀመሪያውን ዱቄትም ለማየት ከመንደር ተነሥተው በእግራቸው መጥተው ሁለት ቀን ሲጠብቁኝ ኖረዋል።

ጓደኛዬ ጨበጠኝና ከኋላ መኪና ይከተል እንደሆነ መንገዱን አየ። «ወፍጮውስ?»

«ወደብ ላይ ቀረ» አልኩ። «ወረቀት ጎደለ ብለው ያዙት። ይለቁታል።» መዋሸት እንዲህ ቀላል እንደሆነ አላውቅም ነበር።

እሱ ወደ ሴቶቹ ሄዶ ነገራቸው። አንዳቸውም አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በወደድኩ። እናቱ ተነሥተው መጡና ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ተመለከቱኝ። ያን ሁሉ ውኃ ተሻግሬ በደህና መግባቴ ደስ እንዳላቸው ልጃቸው ነገረኝ። ግራ እጃቸው ነው ፊቴን በደንብ የያዘው። ቀኙ ከትከሻው አልነሣ ብሎ አገጬ ላይ ቀርቷል።

የዚያን ዕለት ሌላም ነገር ሆነ። ከሴቶቹ ጋር የጓደኛዬ አጎት፣ የአባቱ ወንድም፣ አብረው መጥተዋል። ሽማግሌው መኪናዋን ሲዞሩ ቆዩና ከአንዲት ሻይ ሻጭ ምድጃ አመድ በእፍኛቸው ዘግነው ከኮፈኗ ጀምረው እስከ ጀርባዋ ቀቧት። በአመድ ውስጥ ያለች ጠጠር ቀለሙን ብትፍቀውስ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ጓደኛዬ ክንዴን ያዘኝ። «ተወው» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «እኔ ጌታን ነው የማመልከው፤ እሱ ግን ሽማግሌ ነው። እያከበረህ ነው።» የኑዌር ወጣት ለወንድነት ሲደርስ ከአባቱ ወገን በሬ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ እኩዮቹ የሚጠሩት በዚያ በሬ መልክ ነው። በሬው ይዘፈንለታል፣ አመድ ይቀባል። እኔ ቀይ በሬ ይዤ መጥቻለሁና ሽማግሌው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የቀይ በሬ ስም አወጡልኝ፤ ወንድማቸው በሞተበት ቤት አንድ ወንድ ልጅ ገባ አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ ማሽላቸውን በራሳቸው ላይ ጭነው ወደ መጡበት ተመለሱ።

እኔ የገባኝ ክብሩ ብቻ ነው። ደገኛ ነኝ፣ ስም ሲሰጡኝ እንደ ቅጽል ስም ቆጠርኩት፤ ቢሮ ውስጥ እየኮራሁ አወራሁት። የበሬ ስም የተሰጠው ሰው የቤቱ ልጅ እንደሚሆን፣ የቤቱ ልጅ ደግሞ ስለ ጠፋ ነገር እንደማይጠየቅ የገባኝ ጓደኛዬ ስለ ወፍጮው መጠየቁን ሲያቆም ነው። ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፣ ሁለት ጊዜ «ሊለቁት ነው» አልኩት። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሣውም። እኔን ግን በየጠዋቱ በበሬዬ ስም ሰላም ይለኝ ነበር፣ ከልቡ፣ እየሳቀ። እኔም አቤት እለው ነበር።

መኪናዋ እንደሆነች ከግቢዬ የምትወጣው በበጋ ብቻ ነው። ዝናቡ ሲገባ ጥቁሩ ጭቃ እስከ በሯ ይውጣታል። ፍየሎች ኮፈኗ ላይ ይተኛሉ፣ ማንጎ ይወድቅባታል፣ ክሩስኮቷ በሙቀቱ ተሰነጣጠቀ። ያን ሁሉ የፈራሁለትን ቀለም በአንድ ዓመት ውስጥ የጎረቤት ፍየል ጨረሰችው። አሁን ስጽፈው ያስቀኛል መሰላችሁ? አያስቀኝም።

በመጀመሪያው ክረምት ለገበሬው ደብዳቤ ጻፍኩ። መልሱ ከብዙ ወራት በኋላ መጣ። ደብዳቤዬ እንደ ደረሳቸው ወደ ጭነት ግቢው ሄደው ነበር፤ ባለቤት የለውም ተብሎ ሞተሩ ለብረታ ብረት ተሽጧል፣ ድንጋዩም ተሰብሯል። ሰውየው አንድ የወቀሳ ቃል አልጻፉም። «ያ ልጅ እንዴት ነው?» ብለው ብቻ ጠይቀዋል። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

በበጋ ወደ መንደራቸው ይጋብዙኛል። እምቢ ማለት አልችልም፣ የቤቱ ልጅ ነኝ። ከመንገዱ ወጥተን ወደ መንደሩ ስንታጠፍ መኪናዋ በአሸዋው ላይ በሆዷ ትቀመጣለች። ሴቶቹ ዘነዘናቸውን ጥለው ይመጡና እየሳቁ ይገፉናል። ከዚያ ወደ ሙቀጫቸው ይመለሳሉ፤ እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ ምቱን እሰማለሁ። እናቱ በግራ እጃቸው ብቻ ነው የሚወቅጡት። ከዚያው ዱቄት የተሠራውን ገንፎ ከወተት ጋር በቅል ያቀርቡልኛል፣ ከልጃቸው አስቀድመው። ሳልጎርስ ዝም ብዬ ካየሁ አልጣፈጠውም ብለው ይጨነቃሉ። ስለዚህ እበላለሁ። እየበላሁ ራሴን እረግማለሁ።

በሦስተኛው በጋ እናቱ መውቀጡን ጭራሽ አቃታቸው። ስደርስ የጎረቤት ሴት ስትወቅጥላቸው፣ እሳቸው ደግሞ እንደ እንግዳ ዳር ተቀምጠው ሲያዩ አገኘኋቸው። ሲያፍሩ አየሁ። ከዚያ በላይ መቻል አልቻልኩም። ያን ጊዜ ኑዌርኛን አጭር አጭር ነገር እሰማለሁ እንጂ እንዲህ ያለ ነገር የምናገርበት ቃል አልነበረኝም፤ ስለዚህ በአማርኛ ለጓደኛዬ ነገርኩት፣ እናቱ ፊት፣ ቃል በቃል እንዲነግርልኝ ለምኜ። ወፍጮው ኮንቴይነር ውስጥ ገብቶ እንደነበር። መኪናዋ እንዳትጫር ብዬ እኔው እንዳስወጣሁት። ወደብ ያዘው ያልኩት ውሸት እንደሆነ። አሁን ተሽጦ ብረት እንደሆነ። መኪናዋን ሸጬ ሌላ ወፍጮ እንደማመጣ።

ጓደኛዬ ሰምቶ ሲጨርስ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም። አልተቆጣም። ከመጀመሪያው ቀን የማውቀው ፊቱ ግን እንደ በር ተዘጋብኝ። እናቱ «ምን አለ?» ብለው ጠየቁት። ደግመው ጠየቁት።

ያን ጊዜ ነው ወደ እሳቸው ዞሮ አጭር ነገር የተናገረው። ያቺን ያህል እሰማ ነበር። «ወፍጮውን ባሕር ወስዶታል» አላቸው። «አዝኗል። በሬውን ሸጦ ሌላ ሊያመጣልሽ ነው።»

እናቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ እየተንፏቀቁ መጡና ራሴን ደረታቸው ላይ አስደግፈው አለቀሱ፣ ለእኔ አዝነው። እኔ ጓደኛዬን አየሁት። እሱ መሬት መሬት ያያል።

ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ፍጥነቴን ቀነስኩ። «ለምን?» አልኩት በመጨረሻ።

«እሷ አርጅቷል» አለ። «ወፍጮ ጠፋ። ልጅህም ክፉ ነው ልበለው?» ወደ ውጭ እያየ፣ «እኔ እናቴን ዋሽቶ አላውቅም ነበር» አለኝ። ከተማው ሳንደርስ አቁምልኝ አለና ወርዶ የቀረውን በእግሩ ሄደ።

መኪናዋን አሮጌ መኪና የሚወድ አንድ የአዲስ አበባ ሐኪም ገዛኝ። ፍየሏ የጨረሰችውን ቀለም እየዳበሰ «ምን አድርገሃት ነው?» እያለ አለቀሰባት ማለት ይቻላል። በገንዘቡ ከመርካቶ ወፍጮና ሞተር ገዝቼ በበጋው መጨረሻ መንደሩ አደረስኩ። ጓደኛዬና እኔ ተከልነው። ስንሠራ ቁልፍ አቀብለኝ፣ ያዝልኝ ከማለት ያለፈ አልተነጋገርንም። ወፍጮው እስካሁን ይሠራል፤ ከሩቅ መንደሮች ሁሉ ይመጡበታል።

እኔ ቋንቋውን አሁን በደንብ እናገራለሁ። ያን ቀን ቢሆን እንዴት ብዬ እነግራቸው ነበር እያልኩ ዓረፍተ ነገሮቹን አስተካክዬ አስቀምጫለሁ፣ አንድም ቃል አይጎድልም። ግን አሁን አፌን ብከፍት እናቱ ፊት ውሸታም ሆኖ የሚቆመው እሱ ነው። ስለዚህ ስሄድ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። እናቱ ወፍጮው ዘንድ አዲስ ሴት በመጣች ቁጥር ከመጀመሪያው ይጀምሩላታል፤ ባሕሩ ወፍጯቸውን እንዴት እንደወሰደ፣ ይኼ ደገኛ ልጃቸው ጥፋት ሳይኖርበት የስሙን በሬ ሸጦ እንዴት እንደካሳቸው። የስም በሬውን ለሰው እናት የሸጠ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ ይሏታል። ጓደኛዬ የሞተሩን ቀበቶ የሚያይ መስሎ ያጎነብሳል። ሴቲቱም ከረጢቷን አስቀምጣ ልትጨብጠኝ ትመጣለች፤ እኔም ተነሥቼ እጄን እሰጣታለሁ።